ከነአፈሩ ያልተነሣ ችግኝ፦ በአንዱ ኮምፒውተር የሠራ ፕሮግራም በሌላው ለምን ይዘጋል?

«ሲስተም የለም» የሚለው ቃል ከገጠር ቀበሌ ተነሥቶ ጉዳዩን ለማስፈጸም ወደ ወረዳ ከተማ ለሚመጣ አርሶ አደር እንግዳ አይደለም። ቃሉን የሚናገረው ሠራተኛም ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ የሚያስረዳው ነገር የለውም። ትናንት ያለችግር ይሠራ የነበረው ፕሮግራም ዛሬ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲዛወር ብልጭ ብሎ ይዘጋል። ምክንያቱን የሚናገር መልእክት ቢወጣም በእንግሊዝኛ ነው። በአቅራቢያው የሚጠራ ባለሙያም ላይኖር ይችላል።

በዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አሥተዳደር ይህ የቢሮ ሠራተኞች ጉዳይ ብቻ ኾኖ አይቀርም። ድርቅ የሚደጋገምበት፣ መሬቱ ተራራማና የተራቆተ፣ በሰሜኑ ጦርነትም ክፉኛ የተጎዳ አካባቢ ነው። በሰቆጣ ዙሪያ፣ በዝቋላ፣ በሰሃላ፣ በአበርገሌና በሌሎች ወረዳዎች በርካታ ቤተሰቦች ዓመቱን የሚሻገሩት በልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ድጋፍ ነው። የዚህ ድጋፍ መንገድ ደግሞ በአንድ ቦታ ላይ በኮምፒውተር ውስጥ ያልፋል።

በ1997 ዓ.ም የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ጉልበት ያላቸውን ተጠቃሚዎች በእርከን ሥራ፣ በውኃ ማቆርና በገጠር መንገድ ሥራ እያሳተፈ ይከፍላል። አረጋውያንና መሥራት የማይችሉት ደግሞ በቀጥታ ድጋፍ ይታቀፋሉ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በየቀበሌው ማን ስንት ቀን እንደሠራ በመቆጣጠሪያ ቅጽ ይመዘግባል። ቅጹ ወደ ወረዳ ይላካል፤ በዚያም ወደ ኮምፒውተር ገብቶ የክፍያ ዝርዝር ይወጣል።

ይህን ሥራ ለማቅለል «ፓስ» በሚል ምህጻር የሚታወቅ፣ የመገኘት መቆጣጠሪያን ወደ ክፍያ ዝርዝር የሚቀይር ፕሮግራም በመርሐ ግብሩ ወረዳዎች ሲሠራበት ቆይቷል። የገንዘብ መሥሪያ ቤቶችም ለበጀትና ለወጪ ሂሳብ «አይቤክስ» የተባለውን ሥርዓት ተጠቅመዋል። ከእነዚህ ሌላ ለንብረት፣ ለዘርና ለማዳበሪያ ስርጭት፣ ለሠራተኛ ደመወዝ በየቦታው የተሠሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች አሉ። ይህ ጽሑፍ በአንዱ ፕሮግራም ላይ ብቻ የሚያተኩር አይደለም። በአንድ ኮምፒውተር ላይ ተጭነው የሚሠሩ ፕሮግራሞች ሁሉ ወደ ሌላ ሲዛወሩ የሚገጥማቸውን የጋራ ችግር ይመለከታል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ወሩ ሚያዝያ ነው። የክፍያ ዝርዝር የሚዘጋጅበት አሮጌ ኮምፒውተር ተበላሸ እንበል። ሠራተኛው ፕሮግራሙንና መረጃውን አስቀድሞ በፍላሽ ገልብጦ ስለነበር ተጽናና። አዲስ ኮምፒውተር ቀረበለት፤ ፍላሹን ሰካ፤ ፕሮግራሙን ከፈተ። መስኮቱ ለአፍታ ታይቶ ጠፋ። ደጋግሞ ሞከረ፤ ያው ነው። የቀበሌዎቹ ቅጾች ጠረጴዛው ላይ ተከምረዋል። ክፍያው በሦስት ሳምንት ቢዘገይ በተከዜ ቆላ ያለች አንዲት እናት ለእህል መግዣ ፍየሏን ባገኘችው ዋጋ ልትሸጥ ትችላለች። ክፍያው በኋላ ቢደርስም ፍየሏ አትመለስም።

ከዚህ የሚያድነው ዕውቀት የተራቀቀ አይደለም። ጸሐፊም፣ ሂሳብ ሠራተኛም፣ የግብርና ባለሙያም ሊይዘው የሚችል ነው።

ችግኙና አፈሩ

በችግኝ ጣቢያ የሠራ ሰው አንድ ነገር ያውቃል። በፕላስቲክ ከረጢት ከነአፈሩ የተነሣ ችግኝ በተከላ ቦታው የመጽደቅ ዕድሉ ሰፊ ነው። ሥሩ ተራግፎ ራቁቱን የተወሰደው ግን መንገድ ላይ ይጠወልጋል። ችግኙ አንድ ነው፤ ልዩነቱ አብሮት የሄደው አፈር ነው።

የኮምፒውተር ፕሮግራምም እንዲሁ ነው። ተጠቃሚው የሚያየው በማሳያው ላይ የሚጫነውን አንድ ምልክት ነው። ከምልክቱ በስተጀርባ ግን ፕሮግራሙ በየደቂቃው የሚደገፍባቸው ሌሎች ፋይሎች አሉ። አንዳንዶቹ የፕሮግራሙ የራሱ ናቸው። አንዳንዶቹ ከማይክሮሶፍት ወይም ከሌላ ድርጅት የመጡና ቀደም ሲል ለሌላ ሥራ ኮምፒውተሩ ላይ የተጫኑ ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ ፋይል እንኳ አይደሉም። የቀን አጻጻፍ ምርጫ፣ የፊደል ቅርጽ፣ የፎልደር አድራሻ፣ የተጠቃሚው ፈቃድ ናቸው።

ፕሮግራሙን የሠራው ባለሙያ ኮምፒውተር ላይ እነዚህ ሁሉ ስላሉ ፕሮግራሙ ይሠራል። ባለሙያው ራሱ እንኳ በእነርሱ ላይ መደገፉን ላያውቅ ይችላል። ፕሮግራሙ ብቻውን ወደ ሌላ ኮምፒውተር ሲሄድ ከድጋፎቹ አንዱ ይጎድለውና ይዘጋል። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ «ፕሮግራሙ ምን ኾነ?» ሳይኾን «በሁለቱ ኮምፒውተሮች መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው?» የሚለው ነው።

ይህ ስሕተት የትንንሽ ቢሮዎች ብቻ አይደለም። እ.አ.አ ሰኔ 4/1996 የአውሮፓ አሪያን 5 ሮኬት ከፈረንሳይ ጉያና ተወንጭፎ ከ40 ሴኮንድ ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ በአየር ላይ ወድሟል። ምርመራው ያገኘው ምክንያት ከቀድሞው አሪያን 4 ሮኬት ሳይለወጥ የተወሰደ የአቅጣጫ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ነበር። ሶፍትዌሩ በአሮጌው ሮኬት ላይ በትክክል ሠርቷል። አዲሱ ሮኬት ግን ፈጣን ስለነበር ሶፍትዌሩ ሊይዘው ከሚችለው በላይ የኾነ ቁጥር ተፈጠረና ሥራውን አቆመ። ፕሮግራሙ ያው ነበር፤ የተለወጠው ያረፈበት ቦታ ነው።

ከመነካካት በፊት

ፕሮግራም ሲዘጋ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ማጥፋትና እንደገና መጫን ነው። ይህ አደገኛ ነው። አንዳንድ ፕሮግራሞች መረጃቸውን የሚያስቀምጡት ፕሮግራሙ ባለበት ፎልደር ውስጥ ስለኾነ ሲራገፉ መረጃውም አብሮ ሊጠፋ ይችላል። የአንድ ዓመት የተጠቃሚዎች ዝርዝር የሚጠፋው በዚህ ዓይነት ጥድፊያ ነው።

ቀዳሚው ተግባር የመረጃውን ፋይል ወደ ሌላ ቦታ መገልበጥ ነው። ሁለት ቅጂ ቢኖር ይመረጣል፤ አንዱ በፍላሽ፣ ሌላው በሌላ ኮምፒውተር። ሲገለበጥ ፕሮግራሙ ፈጽሞ መዘጋት አለበት። ተከፍቶ ሳለ የተገለበጠ የመረጃ ፋይል ግማሽ የተጻፈ መዝገብ ይዞ ሊሄድ ይችላል። በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ የሚዘጋውም በዚሁ ምክንያት ሊኾን ይችላል።

ሁለተኛው የወጣውን መልእክት በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው። «አልሠራ አለ» ብሎ ለባለሙያ መደወልና መልእክቱን በፎቶ መላክ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። መልእክቱ በፍጥነት የሚጠፋ ከኾነ በቪዲዮ መቅረጽ ይቻላል።

ሦስተኛው ኮምፒውተሩ ራሱ የጻፈውን ማስታወሻ ማንበብ ነው። ዊንዶውስ አንድ ፕሮግራም በድንገት ሲዘጋ ይመዘግባል። በመፈለጊያው ላይ «ኢቨንት ቪወር» ብሎ በእንግሊዝኛ በመጻፍ ይከፈታል። ከዚያ «ዊንዶውስ ሎግስ» ቀጥሎም «አፕሊኬሽን» የሚለው ይመረጣል። ፕሮግራሙ በተዘጋበት ሰዓት ላይ ቀይ ምልክት ያለው መዝገብ ይፈለጋል። ቁጥሩ 1000 የኾነው መዝገብ የተዘጋውን ፕሮግራምና በመዘጋቱ ጊዜ ይሠራ የነበረውን ፋይል ስም ይናገራል። ቁጥሩ 1026 የኾነው ደግሞ በዶት ኔት የተሠሩ ፕሮግራሞችን የሚመለከት ሲኾን የስሕተቱን ዓይነት በዝርዝር ይይዛል። ሠራተኛው ትርጉሙን ባይረዳው እንኳ ያንን ገጽ ፎቶ አንሥቶ ለባለሙያ ቢልክ የሁለት ቀን መንገድ ሊያሳጥር ይችላል።

ጎድሎ የሄደው ምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ የሚገኘው ምክንያት ቀላል ነው፤ ፕሮግራሙ ጨርሶ አልተገለበጠም። በማሳያው ላይ የሚታየው ምልክት አቋራጭ እንጂ ፕሮግራሙ አይደለም። አቋራጩን ወደ ፍላሽ መገልበጥ የቤቱን አድራሻ በወረቀት ጽፎ ቤቱን ወሰድሁ እንደማለት ነው። በምልክቱ ላይ በግራ በኩል ትንሽ ቀስት ካለች አቋራጭ ነው። መወሰድ ያለበት ሙሉው ፎልደር ነው፤ ከዚያ የሚሻለው ደግሞ ፕሮግራሙ መጀመሪያ የመጣበት መጫኛ ነው።

ፍላሽ ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ቫይረስም አብሮ ይዞራል። አንደኛው ዓይነት እውነተኞቹን ፋይሎች ደብቆ በምትካቸው አቋራጭ ያስቀምጣል። ተጠቃሚው ፋይሉ ያለ ይመስለዋል። በሌላ በኩል ጸረ ቫይረሱ ከፕሮግራሙ ፋይሎች አንዱን ጠርጥሮ በማግለሉ ፕሮግራሙ ጎዶሎ ይኾናል። ስለዚህ የጸረ ቫይረሱ የማግለያ ዝርዝር መታየት አለበት። የተገለለው ፋይል ከታመነ መጫኛ የመጣ መኾኑ ሳይረጋገጥ ግን መመለስ የለበትም።

ፋይሉ ሙሉ ኾኖ ሳለ ፕሮግራሙ ከተዘጋ ቀጥሎ የሚታየው መሠረቱ ነው። በዊንዶውስ ላይ የሚሠሩ ብዙ ፕሮግራሞች ዶት ኔት ፍሬምወርክ በሚባል መሠረት ላይ ይቆማሉ። በዊንዶውስ 10 ላይ አራተኛው ትውልድ ዶት ኔት አብሮ ይመጣል። ለቆዩ ፕሮግራሞች የሚያስፈልገው 3.5 ግን ካልተጠየቀ አይከፈትም። ሲጠየቅም ዊንዶውስ ከኢንተርኔት ሊያወርደው ይሞክራል። መስመር በሌለበት ወይም በደከመበት ቦታ ሥራው እዚያው ይቆማል።

ለዚህ መፍትሔ አለ። ዶት ኔት 3.5 በዊንዶውስ መጫኛ ፍላሽ ወይም ሲዲ ውስጥ፣ «ሶርስስ» በሚለው ፎልደር ሥር «ኤስኤክስኤስ» በተባለው ንዑስ ፎልደር ይገኛል። መጫኛው ከኮምፒውተሩ የዊንዶውስ ዕትም ጋር አንድ ከኾነ ባለሙያ ያለ ኢንተርኔት ሊከፍተው ይችላል።

ሌላው መሠረት የማይክሮሶፍት ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ጥቅል ነው። «ቪሲራንታይም140 አልተገኘም» የሚል መልእክት ከወጣ የጎደለው እርሱ ነው። ጥቅሉ ትንሽ ስለኾነ በፍላሽ ተይዞ ይዞራል። ባለ 32 ቢትና ባለ 64 ቢት ኾኖ ይመጣል። ሰዎች የሚሳሳቱት ኮምፒውተራቸው 64 ቢት ስለኾነ የ64ቱን ብቻ በመጫን ነው። የሚታየው ግን የፕሮግራሙ ዓይነት ነው። ባለ 32 ቢት ፕሮግራም በ64 ቢት ኮምፒውተር ላይም የ32ቱን ጥቅል ይፈልጋል። ዓይነቱ ካልታወቀ ሁለቱንም መጫን ጉዳት የለውም። ጎደለ የተባለውን አንድ ፋይል ካልታወቀ ድረ ገጽ አውርዶ መለጠፍ ግን ቫይረስን በራስ እጅ ማስገባት ሊኾን ይችላል።

የ32ና የ64 ቢት ነገር በመረጃ ቋት ላይም ይመጣል። በአክሰስ ፋይል የሚሠሩ የቆዩ የቢሮ ፕሮግራሞች ፋይሉን ለመክፈት የማይክሮሶፍትን የአክሰስ ሞተር ይጠራሉ። ፕሮግራሙ ባለ 32 ቢት፣ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ያለው ኦፊስ ደግሞ ባለ 64 ቢት ከኾነ ሞተሩ ቢኖርም ፕሮግራሙ አያገኘውም። መልእክቱ «አልተመዘገበም» የሚል ስለኾነ ሠራተኛው ሞተሩ የሌለ ይመስለዋል። የኦፊሱን ዓይነት ከፕሮግራሙ ጋር ማስማማት ወይም ሠሪው ለ64 ቢት የሚኾን ዕትም እንዲያዘጋጅ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አድራሻና ፈቃድ

አንዳንድ ፕሮግራም የመረጃ ፋይሉ የት እንዳለ በውስጡ የተጻፈበት ቋሚ አድራሻ አለው። በአሮጌው ኮምፒውተር ፋይሉ በ«ዲ» ድራይቭ ላይ ነበር እንበል። አዲሱ ኮምፒውተር «ሲ» ብቻ አለው። ፕሮግራሙ የለመደው በር ሄዶ ሲያንኳኳ የሚከፍትለት የለም፤ ይዘጋል። በአሮጌው ኮምፒውተር ላይ የነበረውን የፎልደር ስምና ቦታ እንዳለ መልሶ መሥራት ብዙ ጊዜ ይፈታዋል። አሮጌው ኮምፒውተር ከመጣሉ በፊት የፎልደሮቹን አቀማመጥ ፎቶ ማንሳት የሚጠቅመውም ለዚህ ነው።

ፈቃድም እንዲሁ ነው። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ተራ ተጠቃሚ «ፕሮግራም ፋይልስ» በተባለው ፎልደር ውስጥ እንዲጽፍ አይፈቀድለትም። መረጃውን እዚያ የሚጽፍ ፕሮግራም ሙሉ ሥልጣን ባለው በሠሪው እጅ ይሠራል፤ በሠራተኛው እጅ ይዘጋል። በምልክቱ ላይ በቀኝ ተጭኖ በአሥተዳዳሪ ሥልጣን መክፈት ምክንያቱ ይኸው መኾኑን ለማረጋገጥ ይረዳል። ፕሮግራሙ እንዲያ ሲከፈት ከሠራ የጎደለው ፈቃድ ነው። ሁልጊዜ እንዲያ እየከፈቱ መሥራት ግን ለቫይረስ በር መክፈት በመኾኑ የመረጃው ቦታ መቀየር አለበት።

የጥቅምት 30 ፈተና

ለኢትዮጵያ ቢሮዎች የተለየና ብዙ ጊዜ የማይጠረጠር ምክንያት ደግሞ የቀን አቆጣጠር ነው። ዊንዶውስና አብዛኞቹ የፕሮግራም መሥሪያ መሣሪያዎች ቀንን የሚይዙት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። የእኛ ሰው ደግሞ የሚጽፈው በራሱ አቆጣጠር ነው። ሠሪው ይህን ካላሰበበት ፕሮግራሙ ለወራት ሠርቶ በአንድ ቀን ይዘጋል።

ጥቅምት 30/2018 ዓ.ም በቁጥር ሲጻፍ 30/02/2018 ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ይህ የፌብሩዋሪ 30 ነው፤ በአውሮፓ አቆጣጠር እንዲህ ያለ ቀን የለም። ጳጉሜን ስትመጣ ደግሞ ወሩ 13 ይኾናል፤ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው 12 ወር ብቻ ነው። በሁለቱም ጊዜ ጥንቃቄ ያልተደረገበት ፕሮግራም ይዘጋል።

ከዚህም የሚብሰው የማይዘጋው ነው። ኮምፒውተሮች ቀንን የሚያነቡት እንደ ተመረጠላቸው አገር ልማድ ነው። አንዱ ቀኑን አስቀድሞ ወሩን ያስከትላል። አሜሪካን የተመረጠለት አዲስ ኮምፒውተር ግን ወሩን ያስቀድማል። ኅዳር 5 ማለት 05/03 ነው። ወር አስቀዳሚው ኮምፒውተር ግን አምስተኛውን ወር፣ ሦስተኛውን ቀን ማለትም ጥር 3 አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ምንም መልእክት አይወጣም፤ የክፍያው ዝርዝር ግን ይሳሳታል።

ምልክቱን ማወቅ ይቻላል። ፕሮግራሙ ከወሩ 1 እስከ 12 ባሉት ቀናት እየሠራ ከ13 ጀምሮ የሚዘጋ ወይም የሚያጉረመርም ከኾነ ቀኑና ወሩ ተለዋውጠዋል ማለት ነው። እስከ 12 ያለው ቁጥር እንደ ወር ሊነበብ ይችላል፤ 13 ግን አይችልም። መፍትሔው በአዲሱ ኮምፒውተር «ሪጅን» በሚለው ማስተካከያ ውስጥ ያለውን የቀን አጻጻፍ ከአሮጌው ጋር አንድ ማድረግ ነው። ከዚያ ቀደም ሲል በአዲሱ የገቡትን ቀኖች አንድ በአንድ ማመሳከር ያስፈልጋል።

የሰዓቱም ነገር አለ። መብራት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በቆየበት ቦታ የተቀመጠ ኮምፒውተር ትንሿ የሰዓት ባትሪው ስለምታልቅ ሲከፈት ከዓመታት በፊት የነበረ ቀን ያሳያል። ቀንን የሚያመሳክር ፕሮግራም በዚህ ምክንያት ሊከፈት አይፈልግም። ባትሪዋ ርካሽ ናት፤ ፕሮግራሙን ከመክሰስ በፊት በማሳያው ጥግ ያለውን ቀን ማየት ይገባል።

ስሞች ሲበላሹ

አንዳንዴ ፕሮግራሙ ይከፈታል፤ የተጠቃሚዎቹ ስም ግን የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች ቅልቅል ኾኖ ይታያል። ሠራተኛው መረጃው የተበላሸ መስሎት እንደገና መጻፍ ይጀምራል። መረጃው ግን አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ ዩኒኮድ ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.አ.አ በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩና ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ ያገለገሉ የአማርኛ መጻፊያዎች የግዕዝን ቅርጽ በእንግሊዝኛ ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀምጡ ነበር። ያ የፊደል ቅርጽ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ከሥር ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይገለጣል። የቀድሞውን የፊደል ቅርጽ መጫን ስሞቹን መልሶ ያሳያል። ዘላቂው መፍትሔ ግን ወደ ዩኒኮድ መቀየር ነው።

በዋግ ኽምራ ይህ ሌላ ክብደት አለው። ኽምጥኛ በግዕዝ ፊደል ሲጻፍ እንደ «ጘ» ያሉ በአማርኛ የማይዘወተሩ ፊደላትን ይጠቀማል። እነዚህን ያልያዘ የፊደል ቅርጽ በቦታቸው ባዶ ሳጥን ያሳያል። ሰው በስሙ በሚጠራበት የክፍያ ሰልፍ ላይ ባዶ ሳጥን ትንሽ ስሕተት አይደለም።

አንድ በአንድ

ምክንያቱ ወዲያው ካልታወቀ የአርሶ አደር ማሳ ሙከራ ሥርዓትን መከተል ይጠቅማል። በሰብል ምርምር ላይ ዘሩን፣ ማዳበሪያውንና የዘር ጊዜውን በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው ምርቱ ለምን እንደተለወጠ ማወቅ አይችልም። በኮምፒውተርም አምስት ነገር በአንድ ጊዜ የሚጭን ሰው ቢሳካለት እንኳ የትኛው እንዳዳነው አያውቅም፤ በሚቀጥለው ወረዳም ያው ችግር ይጠብቀዋል።

ስለዚህ አንድ ወረቀት ለሁለት ይከፈላል። በአንድ ወገን ፕሮግራሙ የሚሠራበት ኮምፒውተር፣ በሌላው የማይሠራበት ይጻፋል። የዊንዶውስ ዕትሙ፣ 32 ወይም 64 ቢትነቱ፣ የኦፊሱ ዓይነት፣ የዶት ኔት ዕትሙ፣ የቀን አጻጻፉ፣ የፕሮግራሙ ፎልደር ቦታና የተጠቃሚው ሥልጣን ጎን ለጎን ይሞላሉ። ልዩነቱ በታየበት ላይ አንዱ ተለውጦ ይሞከራል፤ ውጤቱም ይመዘገባል። አሮጌው ኮምፒውተር ጨርሶ ካልተበላሸ ይህ ሥራ ሳይጠናቀቅ ከቢሮው መውጣት የለበትም።

ኮምፒውተሮችን የመለወጥ ጉዳይ የሚቀር አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን የደኅንነት ማሻሻያ በጥር 2012 ዓ.ም አቁሟል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም በጥቅምት 2018 ዓ.ም አብቅቷል። በአሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ የኖሩ ፕሮግራሞች ወደ አዲስ መዛወራቸው ግድ ይኾናል።

ከሠሪዎቹና ከቢሮዎቹ የሚጠበቀው

ሸክሙ በወረዳ ሠራተኛ ላይ ብቻ መውደቅ የለበትም። ፕሮግራም የሚሠሩ ወጣቶች ቁጥር እያደገ ነው። በ2016 ዓ.ም መጨረሻ የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም ብዙዎችን ወደዚህ ሙያ እየሳበ ነው። እነዚህ ባለሙያዎች ሥራቸውን ከማስረከባቸው በፊት በራሳቸው ኮምፒውተር ላይ መሥራቱን እንደ ማረጋገጫ መቁጠር የለባቸውም። ምንም ባልተጫነበት ንጹሕ ኮምፒውተር ላይ፣ ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ በተራ ተጠቃሚ ስም መፈተሽ አለበት። የሚያስፈልጉት መሠረቶች ሁሉ በአንድ መጫኛ ውስጥ መታሸግ አለባቸው። የአሁኖቹ የዶት ኔት ዕትሞች ፕሮግራሙን ከነመሠረቱ አንድ ላይ ለማሸግ ያስችላሉ፤ ችግኙን ከነአፈሩ ማንሳት ማለት ይህ ነው።

ፕሮግራሙ ሲዘጋም ዝም ብሎ መጥፋት የለበትም። የኾነውን በአማርኛ ተናግሮ ዝርዝሩን በፋይል ማስቀመጥ አለበት። ቀንን በተመለከተ ጥቅምት 30ን እና ጳጉሜንን ያልፈተነ የኢትዮጵያ ፕሮግራም አልተፈተነም ማለት ይቻላል።

ከቢሮዎች የሚጠበቀው ደግሞ ከዚህ ያነሰ ወጪ ያለው ነው። አንድ የተለየ ፍላሽ የፕሮግራሙን መጫኛ፣ ዶት ኔትን፣ የቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሁለቱን ጥቅሎች፣ የአክሰስ ሞተሩንና የፊደል ቅርጾቹን ይዞ በመሳቢያ ውስጥ መቀመጥ ይችላል። ከእርሱ ጋር አጫጫኑ የተጻፈበት አንድ ገጽ ወረቀት ቢኖር፣ የሚያውቀው ሠራተኛ ቢዛወር እንኳ ዕውቀቱ ከቢሮው አይወጣም። የክፍያ ዝርዝሩም በየወሩ በወረቀት ታትሞ መቀመጥ ይገባዋል፤ ኮምፒውተር ሲከዳ ወደ ኋላ የሚያስመለክት መዝገብ እንዲኖር።

የሰቆጣ ስም ከመረጃ ጋር መነሣቱ አዲስ አይደለም። መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕጻናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» ተብሎ ተሰይሟል። ቃል ኪዳኑ ለተግባራዊነቱ ከመረጣቸው የፈጠራ ሥራዎች መካከል አንዱ «የመረጃ አብዮት» ነው። የመረጃ አብዮት የሚጀምረው ግን ከትልልቅ ማዕከላት ብቻ አይደለም። በወረዳ ቢሮ ያለች አንዲት ኮምፒውተር ስትቀየር መዝገቡ ሳይጎድልና ሳይዘገይ መሻገሩም የዚያው አካል ነው።

ለሠራተኛው ፕሮግራሙ የተዘጋበት ቀን የሚያበሳጭ ቀን ነው። በቀበሌው ለሚጠብቁት ግን የሚቆጠረው እህል የሚገዛበት ቀን ነው። በመሳቢያው ያለው ፍላሽ፣ በግድግዳው የተለጠፈው አንድ ገጽ መመሪያና በስልክ የተነሣው ፎቶ ያንን ቀን ሊያቀርቡት ይችላሉ። ያኔ ፍየሏም በበረቷ ትቆያለች።